ኒውክሌር የተማረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲሠራ ይኖራል?

በ2018 መስከረም ኢትዮጵያና ሩሲያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ወሬው ኒውክሌር ሆኗል። የድሬው ከዚራ ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብታዳምጡ ስለ ዩራኒየም የሚከራከር አታጡም።

ወሬው መኖሩ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ተምታቷል። «ኒውክሌር ፊዚክስ ነው የማጠናው» ያለ ልጅ ሁሉ ወይ ቦምብ ሊሠራ ነው፣ ወይ ማመንጫ ጣቢያ ሊቀጠር ነው ተብሎ ይታሰባል። እናት ትደነግጣለች፣ ሰፈር ይቀልዳል። ኧረ አቦ፣ እንደዚያ አይደለም!

ስለዚህ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ማመንጫው ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ነው። የኒውክሌርና የቅንጣት ፊዚሲስት ከዩኒቨርሲቲ ወንበር ተነስቶ እስከ ጡረታ ድረስ ቀኑን በምን ያሳልፋል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ኒውክሌር» እና «ቅንጣት» አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ አይደሉም።

በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ ከአቶም እንደተሠራ ትምህርት ቤት ተምረናል። የአቶም መሃል ላይ ኒውክለስ የሚባል እጅግ ትንሽ፣ ግን የአቶሙን ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ የተሸከመ እምብርት አለ። ይህን ያወቅነው ከፊዚሲስቱ ራዘርፎርድ ነው። የሱ ባልደረቦች ጋይገርና ማርስደን ስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ቅንጣቶችን ሲተኩሱ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ተፈናጥረው ተመለሱ። ራዘርፎርድም በ1911 «መሃል ላይ አንድ ጠጣር ነገር አለ ማለት ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ኒውክለስ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን አሉ። የኒውክሌር ፊዚሲስት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ስንት ፕሮቶን ከስንት ኒውትሮን ጋር አብሮ ይጸናል? የትኛው ጥምር ቶሎ ይፈርሳል? ወርቅና ዩራኒየምን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች ሕዋ ውስጥ እንዴት ተፈጠሩ?

የቅንጣት ፊዚሲስት ደግሞ አንድ እርከን ወደ ውስጥ ይወርዳል። ፕሮቶን ራሱ ኳርክ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ኤሌክትሮን ግን እስካሁን በተደረሰበት ድረስ ከሌላ ነገር የተሠራ አይደለም። ከዚህ በታች የማይከፈለው የትኛው ነው? ቅንጣቶቹን የሚገዛው ሕግ ምንድን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። በሁለቱ መካከል አጥር የለም፣ ብዙ ተመራማሪ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ታዲያ ቦምብና ማመንጫ የሚሠሩት እነሱ አይደሉም እንዴ?

ማመንጫ የሚገነቡትና የሚያንቀሳቅሱት በዋናነት መሐንዲሶች ናቸው። ፊዚሲስቱ የሚያቀርብላቸው ቁጥር ነው። ለምሳሌ አንድ ኒውትሮን በዚህ ፍጥነት መጥቶ የዩራኒየም ኒውክለስ ቢመታ የመሰንጠቅ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ይሄ ቁጥር ለእያንዳንዱ ፍጥነት፣ ለእያንዳንዱ የዩራኒየም ዓይነት መለካት አለበት። መለካቱ ራሱን የቻለ የዓመታት ሥራ ነው።

ስለ ቦምብ የታሪኩን እውነት መደበቅ አይገባም። በ1938 መጨረሻ ሃንና ስትራስማን በርሊን ውስጥ ዩራኒየም እንደሚሰነጠቅ የሚያሳይ ውጤት አገኙ። ምን እንደተፈጠረ የፈቱት ከናዚ ጀርመን የሸሸችው ሊዘ ማይትነርና የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ወደቀ። በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት ፊዚሲስቶች ብዙዎቹ እዚያ ሥራ ላይ ነበሩበት። ማይትነር ግን ተጋብዛ እምቢ አለች።

ከጦርነቱ በኋላ የአውሮፓ አገሮች ተሰባስበው በ1954 ጄኔቫ አጠገብ ሰርንን ሲያቋቁሙ ይሄ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ለዚህ ነው መሥራች ስምምነቱ ላይ ሰርን ለወታደራዊ ጉዳይ እንደማይሠራ፣ ውጤቱም ሁሉ ለሕዝብ ይፋ እንደሚሆን የተጻፈው። ዛሬ በዓለም ትልቁ የቅንጣት ፊዚክስ ላቦራቶሪ በዚህ ሕግ ነው የሚተዳደረው።

«ምርምር» ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ወደ ጄኔቫ ከመሄዳችን በፊት ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት እንውጣ።

ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች ሌት ተቀን ከባቢ አየራችንን ይመታሉ። ከዚያ ግጭት ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዱና ወደ ምድር ይዘንባሉ። እጃችሁን ብትዘረጉ መዳፋችሁን በየሴኮንዱ አንድ ገደማ ሙዮን ያልፍበታል፣ ምንም ሳይሰማችሁ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይህ ጨረር ይጨምራል። ቪክቶር ሄስ የሚባል ኦስትሪያዊ በ1912 ፊኛ ተሳፍሮ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በመለካት ነው የጠፈር ጨረርን ያገኘው። ኖቤልም ተሸልሞበታል።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። እንግዲህ አንድ ተማሪ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ድሬ ላይ ቢቆጥር፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐረር ወጥቶ ቢቆጥር፣ ሐረር ላይ የበለጠ ሙዮን ማግኘት አለበት። መሣሪያው ዲቴክተር ይባላል። ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ልዩ ፕላስቲክና ብልጭታውን የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ በቃ።

ቀላል ይመስላል አይደል? አሁን መከራው ይጀምራል።

መጀመሪያ፣ ጨረር ከላይ ብቻ አይመጣም። ድንጋይም አፈርም ውስጥ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም አለ። ሐረር ላይ ቁጥሩ ቢጨምር ከሰማዩ ይሁን ከግድግዳው ድንጋይ በምን ታውቃላችሁ? ለዚህ ሁለት ዲቴክተር ደራርባችሁ ሁለቱም እኩል ብልጭ ሲሉ ብቻ ትቆጥራላችሁ። ሙዮን ሁለቱንም በስቶ ያልፋል፣ የድንጋዩ ጨረር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ሙቀት። ብልጭታውን የሚያነበው ትንሽ የሲሊኮን ቺፕ ሲሞቅ ባሕርይው ይለወጣል። የድሬ ቀትር አንድ ነው፣ የሐረር ንፋስ ሌላ ነው። የለካችሁት ልዩነት የከፍታው ሳይሆን የቺፑ ላብ ሊሆን ይችላል! ስለዚህ በየሰዓቱ ሙቀቱን መመዝገብና ማስተካከል ግድ ነው። የአየሩ ግፊትም ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ እሱም ቁጥሩን ይነካዋል። ከላያችሁ ያለው ጣራ ቆርቆሮ ነው ወይስ ሦስት ፎቅ ኮንክሪት? እሱም።

ሦስተኛ፣ ዕድል። ሙዮኖች በሰዓታቸው አይመጡም። 100 ብትቆጥሩ በዕድል ብቻ ወደ 10 ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 10,000 ብትቆጥሩ ግን መዋዠቁ 100 ገደማ ነው፣ ማለትም አንድ በመቶ። ትንሽ ልዩነትን ለማረጋገጥ ረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል።

ይኸው ነው ምርምር ማለት። ቆጥሮ «አገኘሁ» ማለት ሳይሆን፣ የቆጠርኩት ነገር ሌላ ነገር እንዳይሆን እያንዳንዱን በር መዝጋት። የፊዚሲስት ሕይወት አብዛኛው የሚያልቀው በሮቹን ሲዘጋ ነው።

የማይታየውን እንዴት ያዩታል?

አሁን ጄኔቫ። ሰርን ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ወደ 100 ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ዋሻ አለው። ፕሮቶኖች ለብርሃን ፍጥነት እጅግ ቀርበው በሁለት አቅጣጫ ይዞሩበታል። መንገዳቸውን የሚያጥፉት ማግኔቶች ከዜሮ በታች እስከ 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛሉ። በአራት ቦታ ላይ ፕሮቶኖቹ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፣ ግጭቱ ዙሪያ ደግሞ ግዙፍ ዲቴክተሮች አሉ። አንዱ አትላስ ይባላል፤ 46 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ከፍታ፣ 7,000 ቶን።

ከግጭቱ የሚወለደው ሒግስ የሚባል ቅንጣት ግን ወዲያው ይፈርሳል። ዲቴክተሩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። የሚደርሱት ከፍርስራሹ የወጡት ናቸው። ሰርጉ ካለቀ፣ ድንኳኑም ከፈረሰ በኋላ በማግስቱ እንደመጣ ሰው ነው ነገሩ። የታጠበውን ብርጭቆ፣ የተረፈውን እንጀራ፣ መሬቱ ላይ ያለውን የጫማ ዱካ ቆጥሮ «ስንት ሰው ነበር፣ ከየት መጡ» ብሎ ማወቅ። ፊዚሲስቶቹም የፍርስራሾቹን ጉልበትና አቅጣጫ ደምረው የወላጁን ክብደት ያሰላሉ።

የፕሮቶን ጥቅሎቹ በሴኮንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይተላለፋሉ። ሁሉንም መመዝገብ አይቻልም። ፈጣን ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒውተር በቅጽበት እየመረጠ በሴኮንድ ጥቂት ሺህ ያህል ክስተት ብቻ ያስቀራል። ሒግስ ደግሞ ከቢሊዮን ግጭት አንድ ገደማ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የቅንጣት ፊዚሲስት የሥራ ቀን ብታዩት ነጭ ጋወን የለም፤ ላፕቶፕ ነው። ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባሉ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች፣ ስብሰባ፣ አልፎ አልፎም የሌሊት ተራ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ።

አንድ በጣም የምወደው ልማድ አላቸው። አዲስ ነገር ሊገኝበት የሚችለውን የመረጃውን ክፍል መጀመሪያ ይሸፍኑታል፤ ማንም አያየውም። የትንተና ዘዴው ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ በሌሎች ተተችቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚገለጠው። ለምን ቢባል፣ ሰው የሚፈልገውን መልስ እያየ ሲሠራ ሳያውቀው እጁ ወደዚያ ያዘነብላል።

«አገኘን» ለማለት ምን ያህል እርግጠኛ መሆን አለባቸው?

በዚህ ዘርፍ መስፈርቱ አምስት ሲግማ ይባላል። አዲስ ቅንጣት ባይኖር እንኳን በዕድል ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት የመታየቱ ነገር ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ሲሆን ማለት ነው። የብር ሳንቲም ወርውራችሁ 22 ጊዜ ያህል በተከታታይ አንበሳ ቢወጣላችሁ እዚያ አካባቢ ናችሁ።

ይበዛል ብትሉ ታሪኩን ስሙ። በ2015 ታኅሣሥ አካባቢ አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸው ላይ አንድ ቦታ ጉብ ያለ ነገር አዩ። ሁለቱም እዚያው ቦታ! ዓለም ተንጫጫ። ምን ሊሆን እንደሚችል የሚተነትኑ ከ500 በላይ ጽሑፎች ወጡ። ቡድኖቹ ግን «አገኘን» አላሉም፤ መቁጠር ቀጠሉ። በ2016 ነሐሴ ገደማ ተጨማሪ መረጃ ሲገባ ጉብታው ጠፋ። ዕድል ነበር።

ሌላው የበለጠ ያማል። በ2011 ኦፔራ የሚባል ቡድን ከሰርን ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣልያን የሚደርሱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን ቀድመው ደረሱ አለ። ቅድሚያው 60 ናኖሴኮንድ ነበር። እውነት ቢሆን ፊዚክስ ከመሠረቱ ይናጋ ነበር። በኋላ ሲመረመር ዋናው ጥፋት በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኬብል ሆኖ ተገኘ። የቡድኑ መሪዎች ከኃላፊነት ለቀቁ። እኔ ግን ለዚህ ቡድን ክብር አለኝ። ውጤታቸውን ሲያቀርቡ «ስህተታችንን አላገኘነውምና እስቲ እናንተም እዩት» ብለው ነው ለዓለም ያወጡት።

አንድ ውጤት ስንት ዓመት ይፈጃል?

አንዳንዴ የሰው ዕድሜ።

ኒውትሪኖ መኖር አለበት ብሎ ፓውሊ የገመተው በ1930 ነው፤ የተገኘው በ1956። ፒተር ሒግስ ሐሳቡን የጻፈው በ1964 ነው። ቅንጣቱ መገኘቱ ሰርን ውስጥ ሲታወጅ ጁላይ 4 ቀን 2012 ነበር። 48 ዓመት! ሰውየው 83 ዓመቱ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ እንባውን ሲጠርግ ታይቷል።

በኒውክሌር በኩል ደግሞ የጃፓኑን የኮሱኬ ሞሪታን ቡድን አስቡ። 113ኛውን ንጥረ ነገር መሥራት ፈለጉ። ዚንክ 30 ፕሮቶን አለው፣ ቢስሙዝ 83፤ ደምሩት፣ 113 ነው። ስለዚህ ዚንክን አፍጥነው ቢስሙዝ ላይ ይተኩሱ ጀመር። በ2004 አንድ አቶም አገኙ። በ2005 አንድ። ከዚያ ዝም። ማሽኑ ይሠራል፣ ምንም የለም። ሦስተኛው የመጣው በ2012 ነው። ወደ ዘጠኝ ዓመት በሚጠጋ ሥራ ሦስት አቶም! ሦስቱም ከአንድ ሴኮንድ በታች ኖረው ፈረሱ። ግን የአፈራረሳቸው ሰንሰለት ተመዝግቧልና ማስረጃው በቂ ሆነ። ንጥረ ነገሩ ዛሬ ኒሆኒየም ይባላል፣ በጃፓን ስም።

ትምህርቱና እንጀራውስ?

የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማስተርስ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ዶክትሬት አራት አምስት ዓመት። ከዚያ ሰው «ጨረሰ» ይላል፤ አልጨረሰም። ፖስትዶክ የሚባል ነገር አለ። ዶክትሬቱን የያዘ ተመራማሪ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በኮንትራት ሌላ ላቦራቶሪ የሚሠራበት ነው። ብዙዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል፣ ብዙ ጊዜም ከአገር አገር እየተዛወሩ። ትዳር፣ ልጅ፣ የወላጅ ጧሪነት፣ ሁሉም እዚህ ዕድሜ ላይ ነው የሚገጥመው። ከባድ ነው። ቋሚ ቦታ ከሚፈልገው ሰው ቁጥር በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ አብዛኞቹ ከጥናት ዓለም ወጥተው ወደ ሶፍትዌር፣ ወደ ፋይናንስ፣ ወደ ሕክምና ይገባሉ። ውድቀት አይደለም። ግዙፍ መረጃ ውስጥ እውነቱን ከሁካታ መለየት የሚችል ሰው የትም ይፈለጋል።

ስምን በተመለከተም ተዘጋጁ። ሁለቱ የሰርን ቡድኖች በ2015 የሒግስን ክብደት አብረው ሲያወጡ ጽሑፉ ላይ የሰፈሩት ስሞች 5,154 ነበሩ። ከ33 ገጽ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። ዲቴክተሩን የሠራውም፣ ኮዱን የጻፈውም፣ ሌሊት የጠበቀውም በፊደል ተራ ይሰለፋል።

ለእኛ ሰፈር ምን ይጠቅመዋል?

ከአዲስ አበባ ውጭ የጨረር ሕክምና እንዲሰጡ ከተመረጡት ሆስፒታሎች አንዱ ሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ነው። ለዚህ ሕክምና በሰፊው የሚሠራበት ማሽን ቅንጣት ማፍጠኛ ነው፤ ኤሌክትሮንን አፍጥኖ ብረት ላይ በመምታት ዕጢውን የሚያጠቃ ጨረር ያወጣል። መርሁ የተወለደው በእነዚሁ የፊዚክስ ላቦራቶሪዎች ነው። በየታካሚው ጨረሩ ከየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ ከሐኪሙ ጋር የሚያሰላውም የሕክምና ፊዚሲስት ነው። ለዓመታት የምሥራቁ ታካሚ ለጨረር ወረፋ ሲል ጥቁር አንበሳ ድረስ ሲንከራተት ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከድሬ ወይም ከሐረር ተነስቶ ይቻላል?

አብዱስ ሳላም የሚባል ፓኪስታናዊ ፊዚሲስት ነበር። በ1951 ካምብሪጅ ተምሮ ላሆር ተመለሰ። የሚወያየው ባልደረባ፣ የሚያነበው አዲስ ጽሑፍ ስላጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሄደ። በ1979 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ያ ብቸኝነት ግን አልወጣለትም፤ በ1964 ጣልያን ትሪየስተ ከተማ ላይ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ሳይንቲስቶች አይሲቲፒ የሚባል ማዕከል ያቋቋመው ለዚሁ ነው። ማዕከሉ ከማስተርስ በኋላም ሆነ በፊት ወደ ዶክትሬት ለሚያቀኑ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፣ ወጪውን ሸፍኖ። ኢትዮጵያውያን ተምረውበታል። ኪጋሊም ቅርንጫፍ አለው።

የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት የሚባልም አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ከቶጎ ተነስቶ የአትላስ ተመራማሪ የሆነው ኬቴቪ አሳማጋን ነው። በ2010 ስቴለንቦሽ ተጀምሮ በኩማሲ፣ በዳካር፣ በኪጋሊ፣ በዊንድሁክ ተዘዋውሯል። ሰርንም ከአባል አገሮች ውጭ ያሉ ተማሪዎችን ጭምር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ይቀበላል።

ለዚህ ሁሉ ማመልከቻ እስክትጽፉ ድረስ ግን ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። ሰርን መረጃውን ለማንም ክፍት አድርጓል። ሲኤምኤስ በ2010 ከሰበሰበው ውስጥ ሁለት ሁለት ሙዮን የያዙ 100,000 ክስተቶች በአንድ ትንሽ ፋይል ተቀምጠዋል፣ በስልክ ዳታ የሚወርድ ነው። ፓይተን ትንሽ የሚያውቅ የድሬዳዋ ወይም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሁለቱን ሙዮኖች ጉልበትና አቅጣጫ ደምሮ የወላጃቸውን ክብደት ያሰላል፣ ከዚያ በግራፍ ያወጣዋል። ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሚባለው የቅንጣት ክብደት መለኪያ 3.1 አካባቢ ቀጥ ያለ ጫፍ ይታያል፤ በ1974 የተገኘው ጄ ፕሳይ የሚባለው ቅንጣት ነው። ወደ 91 ስትጠጉ ሌላ ጉብታ ይመጣል። እሱ ዜድ የሚባለው ቅንጣት ነው፤ በ1983 ሰርን ውስጥ የተገኘው፣ በዓመቱ ኖቤል ያሸለመው።